በምግብ ቤቱ በር ላይ የለጠፍኩት ወረቀት

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ተራ ነገር ዳቦ መግዛት ነበር። ሐሙስ ዕለት ነው። ሻጯ ልጅ አራቱን ዳቦ በፌስታል አድርጋ ስትሰጠው፣ ዳቦውን አውጥቶ በያዘው የጨርቅ ከረጢት ከተተና ፌስታሉን መለሰላት።

"አባባ፣ በነፃ እኮ ነው" አለችው።

"በነፃ መሆኑ ነው ያስፈራኝ" አላት።

ልጅቷ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ቀስ እያልን ወደ ቤት ተመለስን። ቅዳሜ ታመመ። በዘጠነኛው ቀን አረፈ።

እድሜዬን ሁሉ የጠራሁት "መምህር" እያልኩ ነው፤ እዚህም እንደዚያው ልጥራው። ለቅሶ ሊደርሱን የመጡት ጎረቤቶች ይህን ፌስታል የመመለስ ጠባዩን እያነሱ ፈገግ ይሉ ነበር። እርጅና ያመጣበት ነገር ይመስላቸዋል። እኔ ግን ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በደርግ ዘመን የደረሰብን ነገር ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነበር። እሱ ለማንም ሳይናገር ሄደ። እኔ ልጻፈው ብዬ ተነሥቻለሁ። ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው፤ ከግማሽ ገጽ የማላልፍበት ቀን አለ።

ያኔ የምንኖረው ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ነበር። ስሟን ብተወው ይሻላል፤ የሰዎቹ ልጆች ዛሬም እዚያ አሉ። መምህር አራተኛ ክፍል ያስተምራል። ሁለት ልጆች አሉን። እኔ ደግሞ በመሠረተ ትምህርት ማንበብና መጻፍ ተምሬ የምስክር ወረቀቴን ከተቀበልኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ያገኘሁትን ሁሉ አነብ ነበር፤ የሳሙና ካርቶን ሳይቀር።

አውቶቡስ የሚቆምበት ቦታ ላይ አንድ የቀበሌ ምግብ ቤት ነበር። ለመንገደኛ ቆጮ ከአይብና ከጎመን ጋር በኮባ ጠቅልሎ ይሸጣል። ኮባ የእንሰት ቅጠል ነው። መንገደኛው በልቶ ሲጨርስ ቅጠሉን በመስኮት ይወረውረዋል። የሰፈራችን ላሞች ይህን ለምደዋል። የአውቶቡሱን ጥሩንባ ሲሰሙ ከየሜዳው እየተጋፉ ይመጡና ቅቤና ጨው የነካውን ቅጠል ጠራርገው ይበሉታል። "የእኛ ላሞች ሳይሳፈሩ ስንቅ የሚበሉ ናቸው" እያልን እንስቅ ነበር። አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ መሬት ላይ የሚቀር ነገር አልነበረም።

አንድ በጋ ላይ የምግብ ቤቱ ኀላፊ ከአዲስ አበባ ጥቅል ላስቲክ አስመጣ። ምግቡን በዚያ እየቋጠረ መሸጥ ጀመረ። መጀመሪያ ሁላችንም ወደድነው። አያፈስም፣ አይቀደድም፣ ያብረቀርቃል። እኔ ራሴ አንዱን አጥቤ ጨው አስቀምጬበታለሁ።

ላሞቹ ግን ልማዳቸውን አልተዉም። ላስቲኩም ቅቤና ጨው ይሸታል። ዋጡት።

መጀመሪያ የታመመችው የእትዬ ዘይነባ ላም ናት። እትዬ ዘይነባ ባሏ በጭነት መኪና ላይ የሚሠራ፣ ከእኛ ሁሉ በዕድሜ የምትበልጥ፣ የቅቤ ዕቁባችን ሰብሳቢ ነበረች። በዕቁቡ አሥራ አንድ ሴቶች ነበርን። በየሳምንቱ እያንዳንዳችን ቅቤ አዋጥተን ለባለ ተራዋ እንሰጣለን። ላሟ የሞተባት ሴት የምታዋጣው ስለሌላት ከዕቁቡ ትወጣለች። ከዕቁብ የወጣች ሴት ደግሞ በሰው ፊት ቀና ብላ መሄድ ይከብዳታል።

የእትዬ ዘይነባ ላም ሆዷ ተነፍቶ ወደቀች። ሳትሞት ደርሰው አረዷት። ከሆድ ዕቃዋ የሰው ጭንቅላት የሚያህል የተጠቀለለ ላስቲክ ወጣ። ሁላችንም ቆመን አየነው። እትዬ ዘይነባ በውኃ አጥባ ወደ ቤቷ ይዛው ገባች። በሁለት ወር ውስጥ ሌሎች ሁለት ላሞች በዚያው ዓይነት ሄዱ።

ሰብሰብ ብለን ኀላፊው ዘንድ ሄድን። በኮባ ጠቅልልልን፣ ኮባውንም እኛው በነፃ እናመጣልሃለን አልነው። ቆሞ አየንና "ላሞቻችሁን መሠረተ ትምህርት አስገቧቸው፤ የሚበላና የማይበላ ይለዩ" አለን። ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች ሳቁ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እትዬ ዘይነባ ቤት ተሰብስበን ተማከርን። ከዚያ ምግብ ቤት አንድም ነገር ላንገዛ፣ ቅቤና አይብም ላንሸጥለት ተስማማን። አይቡ ከእኛ ነበር የሚሄደው።

"በአፍ የተባለው ይበቃል" አለች እትዬ ዘይነባ።

"አይበቃም፣ ይጻፍ" ያልኩት እኔ ነኝ። በመሠረተ ትምህርት ያስተማረን ሰው "ብሶታችሁን ጽፋችሁ አቅርቡ፤ የሚጽፍ ሕዝብ አይበደልም" ይለን ነበር። አምኜው ነበር።

ቤት ሄጄ ከመምህር ደብተሮች ከአንዱ መካከል አንድ ሉክ ገነጠልኩ። መምህር ያን ቀን ለሥራ ሺንሺቾ ሄዶ ነበር። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "እኛ ጣታችንን ከዚህ በታች ያተምን ሴቶች፣ ምግብ በላስቲክ መቋጠሩ ቀርቶ በኮባ እስኪሆን ድረስ ከዚህ ቤት አንገዛም። ቅቤና አይብም አንሸጥለትም። ላሞቻችን አለቁ።" ስም ይቅር ስላሉ የማንንም አልጻፍኩም። የጣት ቀለም ስላልነበረን ከድስት ቂጥ ጥላሸት ፍቀን በቅቤ ለወስነው። አሥሩ አውራ ጣታቸውን አተሙ። እኔ ብቻ ስም በማይነበብበት ፊርማ ፈረምኩ። በፊርማዬ ኮርቼ ነበር።

መምህር ማታ ደክሞት ገባ። አልነገርኩትም። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሲያልፍ ራሱ አይቶት እንዲገረም ፈለግሁ።

በማግሥቱ ፀሐይ ስትወጣ የዱቄት ሙጫ በጥብጬ ሄድኩና ወረቀቱን ገና ያልተከፈተው ምግብ ቤት በር ላይ ለጠፍኩት። ማንም ሳያየኝ ላድርገው አላልኩም፤ እንዲያውም ማን አንደኛ እንደሚያነበው ለማየት መንገዱን ተሻግሬ ቆምኩ።

ማንም አላነበበውም።

ወተት የያዘች ሴት መጣች። በሩን ከሩቅ ስታይ ቆም አለችና ወደ ኋላዋ ተመለሰች። ሁለት ሰዎች እያወሩ መጡ፤ ወሬያቸውን አቋርጠው በሌላው ወገን በፍጥነት አለፉ። ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ከፍቶት የነበረውን መስኮት መልሶ ዘጋው። ጥቂት ቆይቶ በዚያ መንገድ ላይ ከእኔና ከአንዲት ላም በቀር ማንም አልነበረም።

ያኔ ነው ያደረግሁት የገባኝ። በዚያ ዘመን ጠዋት በር ላይ ተለጥፎ የሚገኝ ወረቀት መንግሥትን የሚቃወም መሆኑን ያላወቀ ሰው አልነበረም። በወረቀት ምክንያት ልጅ ያጡ ቤቶች በእኛም ከተማ ነበሩ። እኔም አውቃለሁ። የእኔ ግን ስለ ላም ነበር። ስለ ላም የተጻፈ ወረቀት ከሩቅ ሲታይ ከሌላው እንደማይለይ አላሰብኩም።

ልገነጥለው ተሻገርኩ። እጄን ሳነሣ ከጀርባዬ የሰው ኮቴ ሰማሁ። ዞር ስል የአብዮት ጠባቂዎች ከቀበሌው በኩል እየሮጡ ይመጣሉ። ሮጬ ቤቴ ገባሁ። ይህን ስጽፍ አሁንም አፍራለሁ፤ ሮጥኩ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ እትዬ ዘይነባ ጓሮ ለጓሮ መጣች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቆ ነበር።

"ባልሽን ከክፍል አወጡት" አለችኝ።

"መምህርን? እሱ ምን አደረገ?"

"ወረቀቱ የአስተማሪ ደብተር ነው አሉ። ቀይ መሥመር አለው አሉ። አንቺ ልጅ፣ ከየት ነው ያመጣሽው?"

ከትምህርት ዕቅድ ደብተሩ ነበር የገነጠልኩት። እንደዚያ ያለ ደብተር ለአስተማሪዎች ብቻ ነበር የሚታደለው። በከተማዋ ካሉት አስተማሪዎች ደግሞ ስሙ ቀድሞ የተመዘገበው የእኔ ባል ብቻ ነው። የጸሎት ቤታችን በመንግሥት የታሸገ ጊዜ ቤታችን ውስጥ ለጸሎት ሰው ሰብስቧል ተብሎ ሦስት ሳምንት ታስሯል። ሲፈቱት "ሁለተኛ ስምህ ቢነሣ ጉዳይህ የሚታየው እዚህ አይደለም፤ ሆሳዕና ትሄዳለህ" ተብሏል። ሆሳዕና የተላከ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም።

"እኔ ነኝ ብዬ ልናገር" አልኩ።

እትዬ ዘይነባ ክንዴን ያዘችኝ። "ኧረ በአላህ! ሁለታችሁም ገብታችሁ ልጆቹን ለማን? ዝም በይ። እኔም ዝም እላለሁ። ሁላችንም ዝም እንበል። ስለ ላም መሆኑን ሲያነቡ ይለቁታል።"

እስከ ስድስት ሰዓት ዝም አልኩ። ከትልልቅ ጥፋቶቼ አንዱ እነዚያ ሰዓታት ናቸው። ስድስት ሰዓት ላይ ከሆሳዕና ላንድሮቨር መጥቶ ዘጠኝ ሰዓት እንደሚወስደው ሰማሁ። ልጆቹን ለጎረቤት ሰጥቼ ወደ ቀበሌው ሄድኩ።

በሩ ላይ የቆመው አብዮት ጠባቂ የእማማ ወለቴ ልጅ ሎምቤሶ ነበር። እማማ ወለቴ የዕቁባችን አባል ናት። ጣቷ ወረቀቱ ላይ ነበር፤ እሱ ግን ገና አላወቀም። ጠመንጃውን ወደ ጎን አድርጎ አሳለፈኝ።

መምህር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የግራ ጉንጩ አብጧል፤ ከጆሮው የወረደው ደም አንገቱ ላይ ደርቋል። ጣቱ ላይ ጠመኔው አለ። አላየኝም፤ ማለቴ፣ እንዳላየ ሆነ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነበር። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

"ጓድ ሊቀ መንበር፣ ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

መምህር ቀና ሳይል በሃዲይኛ ተናገረኝ። ሊቀ መንበሩ ጠረጴዛውን በጡጫ መታው።

"በአማርኛ! እዚህ ምስጢር የለም!"

"ወደ ልጆቹ ሂጂ ነው ያልኳት" አለ መምህር በአማርኛ። "ጓድ፣ እሷን ተዋት። ጽፌያለሁ ብያለሁ። በቃሌም ላይ ፈርሜያለሁ።"

"ፈርሟል" አለኝ ሊቀ መንበሩ። "አንቺ ባልሽን ለማዳን ነው የመጣሽው። እሺ፣ አንቺ ነሽ እንበል። ማን አጻፈሽ?"

"ላሞቹ ናቸው" አልኩ።

ማሾፌ አልነበረም፤ ሌላ መልስ አልመጣልኝም። በሩ ላይ ሎምቤሶ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሲታገል ሰማሁት። ሊቀ መንበሩ አልሳቀም። ወረቀትና እስክሪብቶ ወደ እኔ ገፋ።

"ጻፊ። እኔ እያልኩሽ ጻፊ።"

የወረቀቱን ቃል አንድ በአንድ አነበበልኝ።  እስክሪብቶው ከጣቴ አምልጦ መሬት ወደቀ፤ አንሥቼ ቀጠልኩ። የጻፍኩት ፊደል አንዱ ተራራ ላይ፣ አንዱ ገደል ውስጥ ሆነ። ሊቀ መንበሩ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ አያቸው።

"ይህ የዶሮ ጭረት ነው" አለ። "ያኛውን የጻፈው የተማረ ሰው ነው። አስወጧት።"

እውነቱን ተናግሬ እውነቱ አላዳነውም። ሎምቤሶ ክንዴን ይዞ በር ላይ አደረሰኝ። እዚያ ቆሜ ቀረሁ። ላንድሮቨሩ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ሾፌሩ ጎማውን በእግሩ እየመታ ይፈትሻል።

ያኔ ነው እትዬ ዘይነባ በግቢው በር የገባችው። ከኋላዋ እማማ ወለቴ፣ ከእሷም ኋላ የቀሩት። ቆጠርኳቸው፤ አሥሩም ነበሩ። የልብስ ማጠቢያ ውኃ ላይ እንዳሉ የመጡ ነበሩ፤ ቀሚሳቸው እርጥብ ነው። በኋላ ሲነግሩኝ ጠዋቱን ሙሉ ጣታቸውን በአመድና በሳሙና ሲያሹ ውለው ነበር። በቅቤ የተለወሰ ጥላሸት ግን አይለቅም። ማንም እየዞረ ጣት ቢያይ ሁሉም እንደሚገኙ ሲያውቁ፣ ከመገኘት መሄድ ይሻላል ብለው ተነሡ። ፍርሃትም አለበት፤ ጀግንነት ብቻ ነው ብል ውሸት ይሆናል።

እትዬ ዘይነባ ማንንም ሳትጠይቅ ገብታ ከነጠላዋ ሥር ያንን የላስቲክ ጥቅል አወጣችና ጠረጴዛው ላይ፣ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችው።

"ይህ ከላሜ ሆድ የወጣ ነው" አለች። አውራ ጣቷን አሳየችው። "ይህ ደግሞ የእኔ ነው። አስተማሪው ጣት የለውም እዚያ ላይ።"

"እማዬ! አንቺ ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?" አለ ሎምቤሶ ከበሩ።

"አንተ ዝም በል፣ ጠመንጃህን ያዝ" አለችው እማማ ወለቴ። ጥቁር ጣቷን አንሥታ በአጠገቡ አለፈች።

አንድ በአንድ ገቡ። ቤቱ ጠበበ። ሊቀ መንበሩ ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሣ። ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ "ጓድ፣ መኪናው ይህን ሁሉ ሰው አይችልም" አለ። ማንም አልሳቀም። እኔም ያኔ አልሳቅሁም።

ሊቀ መንበሩ የሴቶቹን ጣት አንድ በአንድ አየ። በኋላ እንደገባኝ፣ በቀበሌው አሥራ አንድ ሴቶች፣ የራሱ ጠባቂ እናት ሳትቀር፣ ወረቀት ለጠፉ ተብሎ ሆሳዕና ቢደርስ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። በመጨረሻ ወረቀቱን ከጥቅሉ ሥር ስቦ አራት ቦታ ቀደደው።

"ይህ ወረቀት አልነበረም" አለ። "እናንተም እዚህ አልመጣችሁም። ይህን ቆሻሻ ይዛችሁ ውጡ።" ለሾፌሩ "በስሕተት ነው የተጠራኸው በላቸው" አለው። ወደ መምህር ዞሮ ደግሞ "አንተ ግን በዚህ ከተማ አታስተምርም" አለው።

ለቀቁትና ቤት ገባን። ፊቱን በሞቀ ውኃ ሳጥብለት መጀመሪያ የተናገረው "የሦስተኛውን ሳምንት ዕቅድ ነው የገነጠልሽብኝ" የሚል ነው። በዚህ ጉዳይ ከዚያ ሌላ ወቀሳ ከአፉ አልወጣም።

"ለምን እኔ ነኝ አልክ?" አልኩት።

"ወረቀቱን ሲያሳዩኝ ፊደልሽን አወቅሁት" አለኝ። ትንሽ ቆይቶ "ቆንጆ አድርገሽ ነው የጻፍሽው" አለ። እንባዬ ውኃው ውስጥ ወረደ።

ወረቀቱ ቢቀደድም ቃላችን አልተቀደደም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንም ሳንናገር አይብ መውሰድ አቆምን። ቅቤም ቀረ። የከተማው ሰውም ምክንያቱን ሳይጠይቅ ከዚያ ቤት መግዛቱን ቀስ በቀስ ተወ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ኀላፊው "ላስቲክ አልቋል" ብሎ ወደ ኮባ ተመለሰ። እትዬ ዘይነባ ሌላ ላም እስክታገኝ የእሷን ድርሻ እየተፈራረቅን አዋጣንላት።

መምህር ግን ወደ ሙዱላ በኩል ተዛወረ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ መጥቶ እሑድ ይመለስ ነበር። የግራ ጆሮው ከዚያ ቀን በኋላ አልሰማም። ልጆቹ ሲጠይቁት "በልጅነቴ ነው" ይላቸዋል። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ዝም እላለሁ።

ሰው ይህን ቢሰማ አሸነፋችሁ ይል ይሆናል። እኔ ግን ያን ቀን ሳስብ የሚታየኝ አንገቱ ላይ የደረቀው ደም ነው። ይቅር ብሎኝ እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅሁትም። ጥያቄው የሚያስፈልግ አይመስለኝም ነበር፤ አሁን ያስፈልገኛል፤ የምጠይቀው ሰው ግን የለም። ከዚያ ወዲህ በማንኛውም ወረቀት ላይ ፈርሜ አላውቅም። የሚፈረመውን ሁሉ የሚፈርመው እሱ ነበር።

ዛሬ የምኖረው ሆሳዕና ነው። ካረፈ ከአርባ ቀን በኋላ መናኸሪያው አጠገብ ሳልፍ ሁለት ላሞች ወጥ የነካው ፌስታል ሲያላምጡ አየሁ። ከአንዷ አፍ ልጎትት ሞከርኩ፤ ሰዎቹ ሳቁብኝ፤ ላሟም ዋጠችው። ቤቴ ገብቼ ለማዘጋጃ ቤቱ ማመልከቻ ጻፍኩ። መናኸሪያው ዙሪያ ያሉ ምግብ ቤቶች ለመንገደኛ በፌስታል መቋጠሩን እንዲተዉና እስኪተዉ ድረስ እኔ ከእነሱ እንደማልገዛ አሰፈርኩ። የማንንም ጣት አላሳተምኩም። ሙሉ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ።

ማመልከቻዬን ተቀብለውኛል። መልስ ገና አልሰጡኝም። ሰኞ ሰኞ ጠዋት እየሄድኩ እጠይቃለሁ።